በአበዳሪና በተበዳሪ መካከል የሚቆመው ሰው፦ የቤት ብድር፣ ዋስና ደላላ በደሴ ከተማ

(በፋኩልቲያችን የሕዝብ ንግግር መድረክ ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬውን ርእስ ያገኘሁት ከቤተ መዛግብት ሳይሆን ከሻይ ቤት ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ ከባንክ ተበድሮ ቤት ለመግዛት አሰበና፣ «ዶክተር፣ እዚህ ደሴ የብድሩን ነገር የሚያውቅ ደላላ ማንን ልያዝ?» ሲል ጠየቀኝ። አንድ ስልክ ቁጥር ሰጥቼው ተለያየን። ማታ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ከሠላሳ ዓመት በላይ የዚህን አገር የመሬትና የገንዘብ ታሪክ ሳነብና ሳስተምር ኖሬ፣ ለዚህ ሰው ከስልክ ቁጥር የተሻለ መልስ ሊኖረኝ ይገባ ነበር።

በሌሎች አገሮች ይህ ሥራ ስምና ፈቃድ ያለው ሙያ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሞርጌጅ ብሮከር ይሉታል፤ ቢሮ አለው፣ የፈቃድ ቁጥር አለው። በእኛ ዘንድ የቤት ብድርን ብቻ ሙያው አድርጎ በተለየ ፈቃድ የሚሠራ እንዲህ ያለ ሰው የለም። ሥራው ግን አለ፤ ዱሮም ነበረ። ቤት ፈላጊውን ከባለገንዘቡ ያገናኘ፣ የአንዱን ጠባይ ለሌላው የመሰከረ፣ ወረቀቱን ያስጻፈ ሰው በየዘመኑ ስሙን እየለወጠ መካከል ላይ ቆሟል። እኔ ዛሬ የምከራከረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሰው በየዘመኑ ዕዳው ሲበላሽ ምን ይደርስበት ነበር? የብድርን ታሪክ በወለድ መጠን ወይም በባንኮች ቁጥር መጻፍ ይቻላል፤ ብዙዎቻችንም እንዲሁ ጽፈነዋል። ለተበዳሪው ግን ዋናው ለውጥ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ከዋስ እንጀምር። በቀድሞው የሙግት ሥርዓት «ዋስ ጥራ» መባል የነገሩ ሁሉ መክፈቻ ነበር። ዋስ ያጣ ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር ይቆራኝ ነበር፤ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ ወይም በሰንሰለት ተጣምረው አብረው ይውሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ቁራኛ የሚለው ቃል ዛሬ በንግግራችን ውስጥ የሚሰማው ለሕመምና ለመሳሰለው ነው፤ በመነሻው ግን የብድር ሕግ ቃል ነበር ማለት ይቻላል። ከቁራኛ የሚያድነው ዋስ በምላሱ ብቻ የሚመሰክር ሰው አልነበረም። ባለዕዳው ቢጠፋ ወይም ቢደኸይ በቅሎው፣ እህሉ፣ ርስቱ ሳይቀር ይጠየቅበታል። ስለዚህ ዋስ የሚሆንለትን ሰው አጥንት ይቆጥራል። ሲጠጣ የት እንደሚጠጣ፣ ልጁን ለማን እንደሚድር፣ ከወንድሙ ጋር በምን እንደተጣላ ያውቃል፤ ካላወቀ ይጠይቃል።

ከዋሱ ጎን ለጎን የወለድ አገድ ልማድ ነበር። ተማሪዎቼ ይህን ቃል በፈተና ላይ ሁልጊዜ ያበላሹታል። ባለቤቱ ገንዘብ ሲበደር መሬቱን ወይም ቤቱን ለአበዳሪው ያስረክባል፤ አበዳሪው በወለድ ፋንታ በንብረቱ ይጠቀማል፤ ዋናው ገንዘብ ሲመለስ ንብረቱ ይመለሳል። ስሙ ራሱ የሚናገረው አለ፤ ወለዱን አግዶታል። ፍትሐ ነገሥት ወለድን ይከለክላል፤ የእስልምና ሕግም እንዲሁ። ወሎን በመሰለ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ግቢ በሚኖርበት አገር፣ ሁለቱም ወገን ወለድ የሚለውን ቃል ሳይጠራ ሊበዳደር የሚችልበት መንገድ መፈለጉ አያስገርምም። በእርግጥ በርካታ የእስልምና ሕግ ሊቃውንት አበዳሪው በመያዣው መጠቀሙን ራሱን እንደ ወለድ ያዩታል፤ ገበያው ግን ሁልጊዜ ሊቃውንቱን አይጠብቅም።

ደላላው በዚህ ዘመንም ነበር፤ ቦታው ግን ሌላ ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ሥሩ መንገድ ማመልከትን፣ መምራትን ይናገራል። በአማርኛ ግን ደለለ ስንል አባበለ፣ አታለለ ማለታችን ነው። የሁለቱ ቃላት ዝምድና የቋንቋ ሊቃውንት ጉዳይ ነው፤ ሕዝቡ ግን ሁለቱንም ትርጉም በአንድ ሰው ላይ አገናኝቶ ይጠቀምባቸዋል። ደላላ የበቅሎ፣ የጨው፣ የቡና ሰው ነበር። ሻጭና ገዥ እጅ ለእጅ ሲመታቱ ድርሻውን ተቀብሎ ይሄዳል። በብድር ውስጥ ቢገባም የሚገባው ባለገንዘቡ የት እንዳለ ለማመልከት እንጂ ለዕዳው ለመቆም አልነበረም። አመልካቹና ተጠያቂው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። ይህን ልዩነት አደራ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን አንድ ወረቀት ላስተዋውቃችሁ። ከአባቴ ሳጥን የወጣ ነው። አባቴ በዚህ ከተማ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. የሣር ቤታቸውን ቆርቆሮ ለማልበስ ከአንድ ነጋዴ አራት መቶ ብር ተበደሩ። ወረቀቱ በሐምራዊ ቀለም የተጻፈ ነው፤ ሦስት ምስክሮች አሉበት፤ ሁለቱ በጣታቸው ፈርመዋል። መንገድ ዳር ያለችው ክፍል ገንዘቡ እስኪመለስ ለአበዳሪው ሱቅነት ተሰጥታለች፤ ማለትም ወለድ አገድ ናት። በስተግርጌ የዋሱ ስም አለ፤ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሐጂ ናቸው።

የታሪክ ተማሪ ይህን ወረቀት ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው በየትኛው ሕግ ሥር ተጻፈ ብሎ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ ከመስከረም 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቷል። በአንቀጽ 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ መሆን ብቻ ሳይሆን በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት። የአባቴ ወረቀት አልተመዘገበም። በሌላ በኩል አንቀጽ 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ ካልተገለጸ የዋስትናው ውል ዋጋ የለውም ይላል፤ የሐጂው ዋስትና አራት መቶ ብር ብሎ ልኩን ያስቀምጣል። ጸሐፊው ሕጉን ሰምቶ ይሁን ወይም ልማዱ እንዲያ ሆኖ፣ ከወረቀቱ መለየት አይቻልም። ከእናቴ የሰማሁት ግን ወረቀቱ ላይ የለም። ሐጂው በየሳምንቱ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ በእኛ ደጅ ያልፋሉ፤ ቡና ካለ ይጠጣሉ፤ ስለ ገንዘቡ አንድም ቃል አይናገሩም። አባቴ ግን የመጡበትን ያውቃሉ። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀ ዕለት ሐጂው መጥተው ቁጭ ሳይሉ ሄዱ ይባላል።

የባንኩ ታሪክ ከዚህ ቀደም ብሎ የጀመረ ነው። የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ደሴ ከጣሊያን ወረራ በፊት ቅርንጫፍ ከነበራቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ሆናለች። ነገር ግን ያ ባንክም፣ እርሱን የተካው የኢትዮጵያ ባንክም በዋነኝነት የንግድ ባንኮች ነበሩ፤ ልብስ ሰፊ ለቆርቆሮ የሚበደርባቸው አልነበሩም። ለመኖሪያ ቤት ብቻ የሚያበድሩ ተቋማት የመጡት በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ነው። ዐብዮቱ እነዚህን አጣምሮ የቤቶችና ቁጠባ ባንክ አደረጋቸው፤ ያ ባንክ ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተባለ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። ይህን በፍጥነት የማልፈው የተቋማቱ የዘር ሐረግ በየመጽሐፉ ስላለ ነው።

መጽሐፎቹ በቂ ትኩረት ያልሰጡት የመዝገቡን ነገር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንድ ቤት በመያዣነት ሲሰጥ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ቤቱ ባለበት ስፍራ በሚገኝ የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ እንዲገባ ያዛል። ግሩም ነው። ነገር ግን ያው ሕግ ስለዚህ መዝገብ አደረጃጀት የሚናገረውን ክፍል በአንቀጽ 3363 አግዶታል፤ ወደፊት በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ እስኪጸና ድረስ ይቆይ አለ። ያ ትእዛዝ አልወጣም። መዝገቡ ይኖራል ተብሎ የተጻፈ የመያዣ ሕግ፣ መዝገቡ እንደታሰበው ሳይኖር ወደ ሥራ ገባ። ማዘጋጃ ቤቶች በእጃቸው ባለው ደብተርና ፋይል ክፍተቱን እንደምንም ሸፈኑት። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ከሃምሳ ዓመት በላይ ዘግይቶ።

እንግዲህ ራሳችሁን በአበዳሪው ቦታ አስቀምጡ። ይህ ቤት የማን ነው? ለሌላ ሰው ተይዟል? ወራሾቹ ስንት ናቸው? አንዷ እኅት ዐረብ አገር ሆና ድርሻዋን ትጠይቅ ይሆን? የተሟላ መዝገብ በሌለበት ከተማ ይህን የሚያውቀው የሰፈር ሰው ነው። በእኛ አገር የቅሬው ዳኛና ጸሐፊ ያውቁታል፤ እቁብ ሰብሳቢው ያውቀዋል፤ ደላላው ያውቀዋል። በአነስተኛ ከተማ የደላላ ኃይል ከዚህ የመነጨ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ምክንያት የሕዝቡ አለመማር ነው፤ ይህን አልቀበለውም። የተማረው እኔም ደላላ ይዣለሁ። መዝገቡ ያልያዘውን ዕውቀት የሚሸጥ ሰው ገበያ ማግኘቱ የሕጉ ጉድለት ውጤት ነው።

የደርግ ዘመን ይህን ገበያ ዘጋው፤ ዕውቀቱን ግን አላጠፋውም፤ ወደ ቀበሌ አዛወረው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ቦታ በሽያጭም ሆነ በመያዣ እንዳይተላለፍ ከለከለ። የወለድ አገድ መሠረት በአንድ ቀን ተናደ። የሚያከራየው ሁለተኛ ቤት የሌለው፣ ቦታውም የራሱ ያልሆነ ሰው ምን ያስይዛል? ከቤቶችና ቁጠባ ባንክ ለመበደር የሚሻ ሰው በማኅበር ተደራጅቶ፣ ከቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ይሄዳል። መካከል ላይ የቆመው ሰው አሁን የቀበሌው ሊቀ መንበር ሆነ። ይህ ሰው ባለዕዳውን በደንብ ያውቃል፤ ምናልባት ከሐጂውም በላይ። ነገር ግን ዕዳው ቢበላሽ ከኪሱ የሚወጣ ሳንቲም የለም። ተበዳሪው ቢያስቀይመው ግን ደብዳቤው አይጻፍም። ዕውቀትና ኃላፊነት ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የተለያዩት በዚህ ጊዜ ይመስለኛል። ብዙ ጸሐፍት መለያየቱን ከነጻ ገበያው ጋር ያያይዙታል፤ እኔ አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ወደ ኋላ እወስደዋለሁ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የሆነውን አብዛኞቻችሁ ኖራችሁታል ወይም ከወላጆቻችሁ ሰምታችኋል። በ1986 ዓ.ም. የግል ባንኮች ተፈቀዱ። በሕገ መንግሥቱ መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ ሆኖ ቀረ፤ በላዩ የተሠራው ቤት ግን የባለቤቱ ነው፤ የሚያዘውም ቤቱ ነው። በሊዝ የተገኘ ቦታ ከሆነ፣ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ መብቱን በተከፈለው የሊዝ ገንዘብ ልክ ለማስያዝ ይፈቅዳል። በገበያ ውስጥ ዋጋ የሚያወጣው ግን ቦታው ነው። ገዥው ለቦታው ይከፍላል፣ ባንኩ ሲገምት በአመዛኙ ግንቡንና ጣሪያውን ያያል። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ገደል የደላላው አዲስ እርሻ ሆነ። «መሐንዲሱን አናግርልሃለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የተወለደው በዚህ ገደል ውስጥ ነው።

በዚህ ዘመን ሌላም ለውጥ መጣ፤ ከሁሉም የሚከብደው እርሱ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አበዳሪ የተያዘውን ቤት የሕጉን ሥርዓት ሳይከተል ራሱ እንዲሸጥ አስቀድሞ ቢዋዋል ስምምነቱ ዋጋ አልነበረውም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ለባንኮች ይህን በር ከፈተ። ባንኩ በውሉ መሠረት ለባለዕዳው ቢያንስ የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ቤቱን ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ከባንክ ወይም ከአነስተኛ የፋይናንስ ተቋም ጋር የሚደረግ የብድርና የመያዣ ውል በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ የሚጠይቀው ግዴታ ተነሣ። የሁለቱም ሕጎች ምክንያት ይገባኛል፤ የተበላሸ ብድር በየፍርድ ቤቱ ሲንከባለል ባንኩ የሚያበድረው የአስቀማጩን ገንዘብ ነው። አልቃወምም። ግን ልብ በሉ፤ ቀድሞ በአበዳሪውና በባለዕዳው መካከል ዋስ ነበር፣ ዳኛ ነበር፣ ውል አዋዋይ ነበር። አሁን ሠላሳ ቀን አለ።

እንዲህ ባለ ዘመን ማንን መካከል ላይ ማቆም እንዳለበት አስቦ የማያውቅ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከራሴ ልንገራችሁ። በ2002 ዓ.ም. ቤት ልገዛ ተነሣሁ። አንድ ደላላ ያዝኩ፤ ፈጣን፣ አንደበተ ርቱዕ፣ በባንክ ቤት ውስጥ ሁሉንም በስም የሚጠራ ሰው ነበር። ቤቱን ባየሁ በሦስተኛው ቀን «መምህር፣ ነገ ሌላ ሰው ይወስድብዎታል» ብሎ ቀብድ አስከፈለኝ፤ ሃያ ሺህ ብር። ከመቶ ሁለት ድርሻውንም ያን ዕለት ከሁለታችን ተቀበለ። ከዚያ የባንኩ ግምት መጣ፤ ከተዋዋልንበት ዋጋ እጅግ ያነሰ። ልዩነቱን ከኪሴ መሙላት አልቻልኩም። የቀብድ ሕግ ደግሞ ግልጽ ነው፤ የሰጠ ሰው ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ካልፈጸመ እጥፍ ይመልሳል። ያልፈጸምኩት እኔ ነኝ። ደላላውን ፈልጌ ሳገኘው በጣም አዘነልኝ። እውነቴን ነው፤ ከልቡ ያዘነ ይመስለኛል። ሥራው ግን እኛ በፈረምንበት ቀን አልቋል። በሽማግሌ ግማሹ ተመለሰልኝ፤ ሻጩ ደግ ሰው ስለነበሩ ነው እንጂ ሕግስ አያስገድዳቸውም ነበር።

ለዓመታት ይህን ታሪክ ስለ ደላላው ጥፋት አድርጌ አወራው ነበር። አሁን ሳስበው አንድም ነገር አላጭበረበረኝም። እርሱ ቤት አመላካች ነበር፤ እኔ ዋስ መሰለኝ። ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች እንደነበሩ በየዓመቱ በክፍል ውስጥ የማስተምር ሰው፣ ለራሴ ሲሆን ረሳሁት።

ሁለተኛ ጊዜ ስሞክር ሰኞ ገበያ አካባቢ ወደሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ደላላ ሄድኩ። ንግግራቸው አጭር ነበር። ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ባንኩ እንዲገምት አደረጉ፤ ውሉ ላይ ብድሩ ካልተፈቀደ ቀብዱ እንደሚመለስ አስጻፉ፤ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ቤቱ ከዕዳና እገዳ ነጻ መሆኑን በጽሑፍ አየን። ድርሻቸውን ስጠይቃቸው «የእኔን ካርታው በስምዎ ሲዞር ይሰጡኛል» አሉ። ነገሩ አምስት ወር ፈጀ። በእነዚህ ወራት ሁሉ ሽማግሌው ያልተከፈላቸው ሰው ነበሩ፤ ስለዚህ የወረቀቱን መንገድ ከእኔ እኩል ተከተሉት። እኚህ ሰው ዋስ አልነበሩም፤ ዕዳዬን አይከፍሉም። ሆኖም የክፍያቸውን ቀን በማራዘም ከዋስነት ጥቂቷን ክፍል በፈቃዳቸው በራሳቸው ላይ አስቀርተዋል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ደላላን ተዋዋዮችን የሚያገናኝ ራሱን የቻለ ነጋዴ አድርጎ ያየው ነበር፤ ባገናኛቸው ሰዎች ዕዳ የሚጠየቅ ሰው አላደረገውም። ሽማግሌው ያደረጉት ከሕጉ በላይ ነው፤ ምክንያታቸውም ጽድቅ ብቻ አይመስለኝም። ደሴ ትንሽ ከተማ ናት። እኔ ብከስር በማግስቱ ፒያሳ ላይ ይሰማል።

እዚህ ላይ ጥቂት ወደ ውጭ ልውጣ፤ ከተማሪዎቼ የብዙዎቹ ዘመዶች በአሜሪካ ቤት በብድር ስለሚገዙ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በዚያ አገር ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በፊት ብሮከሩ ተበዳሪውን ከፍ ያለ ወለድ ባስፈረመ ቁጥር አበዳሪው የበለጠ ይከፍለው የነበረበት አሠራር ነበር፤ ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ተበዳሪው ግን ብሮከሩን የራሱ ሰው አድርጎ ያየዋል፤ በቋንቋው የሚያናግረው ከሆነማ ጥያቄም የለው። ከቀውሱ በኋላ በ2010 የወጣው የዶድ ፍራንክ ሕግ ክፍያን ከወለዱ ከፍታ ጋር ማያያዝን ከለከለ። ፈቃድና ቢሮ ያለው ሙያ እንኳ ማን ይከፍለዋል የሚለውን ጥያቄ ራሱ መመለስ አልቻለም፤ ሕግ ገብቶ መለሰለት። «ፈቃድ ያለው ደላላ ቢኖረን ሁሉ ይስተካከል ነበር» ለምትሉ ባልደረቦቼ ይህን አስታውሳለሁ።

ስለ ወለድ ነጻ አገልግሎትም ሁልጊዜ ስለምጠየቅ አንድ ነገር ልበል። ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. መመሪያ አውጥቶ ባንኮች አገልግሎቱን በመስኮት እንዲሰጡ ፈቀደ፤ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነው የመጀመሪያው ባንክ ዘምዘም ደግሞ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሙራባሓ በሚባለው ውል ባንኩ ንብረቱን ራሱ ገዝቶ ትርፉን አስታውቆ ለደንበኛው በዱቤ ይሸጣል። በንድፈ ሐሳብ ይህ ነገሩን ይለውጠዋል፤ ባንኩ ለአፍታም ቢሆን የቤቱ ባለቤት ስለሚሆን ጉድለቱን ሊሸከም ይገባል። አንዳንድ ሰው ወለድ አገድ በአዲስ ልብስ ተመለሰ ይላል፤ አልስማማም፤ በወለድ አገድ ቤቱን የሚለቀው ተበዳሪው ነው። ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ወራሽ እንዳለበት የሚጣራው ግን በዚያው ሰፈር፣ በዚያው ሰው በኩል ነው።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ከተማችን ሲገባ ብዙ ሰው ሲሸሽ የያዘው ልጁንና የቤቱን ካርታ ነበር። ጎረቤቴ የእርሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በሆዳቸው ላይ አስረው ኮምቦልቻን አልፈው ሄዱ። የእኔ ካርታ ባንክ ቤት ነበር። በመንገድ ላይ ደጋግሜ ያሰብኩት ስለ እርሱ ነው፤ ቅርንጫፉ ቢቃጠልስ? የማዘጋጃ ቤቱ ፋይልስ? ቤቱ የእኔ መሆኑን የሚመሰክርልኝ ማን ነው? በአእምሮዬ የመጡት ሰዎች ሁለት ናቸው፤ የቅሬያችን ጸሐፊና ሽማግሌው ደላላ። ስንመለስ ካርታው ደኅና ነበር። ያን የሁለት ሰዎች ዝርዝር ግን አልረሳሁትም።

ወደ ወጣቱ ባልደረባዬ ልመለስ። በማግስቱ ጠርቼ አንድ ሰዓት ያህል ይህንኑ አወራሁት፤ መከራውን አየ። ደላላህ ምን ያህል ያስከፍላል ብለህ ከመጠየቅህ በፊት መቼ እንደሚከፈለው ጠይቅ አልኩት። ከባንኩ ሰው ጋር ያለውን ቅርበት የሚያወራልህን ደላላ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣለት ጠይቀው፤ ካልመለሰ ሌላ ፈልግ። ቀብዱ ላይ ስለ ብድሩ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጽፍ። «የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል» የሚባል ደላላ መልካም ነው፤ አንተንም ግን ያውቅሃል፤ ደመወዝህን፣ ችኮላህን፣ የሚስትህን እርግዝና ያውቃል፤ ለሻጩም ይነግረዋል። የትንሽ ከተማ ዕውቀት ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚፈስ ነው።

ሽማግሌው ደላላ አሁን ስላረጁ ልጃቸውን ያዘ። ቤቱ ተገኘ፣ ተገመተ፣ ውሉም ተጻፈ። ብድሩ ግን ዘገየ። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ወስኖ ነበር፤ በኋላ ገደቡ ከፍ ቢልም በየቅርንጫፉ ያለው ተራ ረጅም ነበር። ተራ በረዘመ ቁጥር «ተራውን አሳጥርልሃለሁ» የሚል ሰው ይበዛል፤ ለባልደረባዬም ሁለት ሰዎች ቀርበውታል። እስካሁን አልሄደም። የሽማግሌው ልጅ በየሳምንቱ ቅዳሜ ይደውልለታል፤ «ደኅና ነህ ወይ?» ይለዋል፤ ስለ ብድሩ አይጠይቅም።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ከፊት መደዳ እንጀምር።